ክለቡ ፊት ነሳኝ፤ ሬዲዮዬን ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ በአየር ላይ የሚያወሩበት) ፈተና አልፌ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወር ሆኖኛል። የጥሪ ምልክቴ፣ ማለት በአየር ላይ መለያ ስሜ፣ የደረሰኝ ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ብዙም ሳልቆይ እኛ አካባቢ ወዳለው ክለብ ስብሰባ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥግ ይዤ ስቀመጥ «ማን ነህ?» ያለኝ የለም። ልንወጣ ስንል አንድ አንጋፋ አባል ሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል መላኪያውን) እንደማልችል ሲሰማ «ታዲያ ምኑን አማተር ሆንከው?» ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ማታ በሪፒተራቸው፣ ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ራቅ አድርጎ በሚያስተላልፈው ጣቢያቸው፣ እጣራለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። እነሱ ወሬያቸውን ሲሰልቁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ያለኝ አንድ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ነው። ሸጬው ልገላገል?

መልስ፦ ቆይ እስቲ ወንድሜ፣ አትሽጠው። ቅሬታህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ ጭራሽ የሰው ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ከሪፒተሩ ዝምታ ልጀምር። ምናልባት እየናቁህ ሳይሆን ድምፅህ እየደረሳቸው አይደለም። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማል፣ በሌላ ያስተላልፋል። በ2 ሜትር ባንድ (በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ልዩነቱ ብዙ ቦታ 600 ኪሎኸርዝ ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ሪፒተሮች ቶን ይፈልጋሉ፤ ከንግግርህ ስር ተደብቆ የሚሄድ፣ ለምሳሌ 88.5 ኸርዝ የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፣ የበር ቁልፍ በለው። ሬዲዮህ ላይ ቶኑ ካልተሞላ አንተ እነሱን እንደ ልብህ ትሰማለህ፣ እነሱ ግን አንተ መኖርህንም አያውቁም። እኔ ራሴ ጀማሪ ሆኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ነበር። ስንቱን በሆዴ ስረግም ከርሜ፣ በኋላ ሳየው ቶኑን አንድ መስመር አሳስቼ ነው የሞላሁት። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መፈተኛው ቀላል ነው። መስመሩ ጸጥ ሲል የሬዲዮህን የመናገሪያ ቁልፍ ጫን፣ የጥሪ ምልክትህን ተናገር፣ ልቀቅና አዳምጥ። ሪፒተሩ ሰምቶህ ከሆነ ወዲያው አይዘጋም፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ሹሽ የሚል ወይም ጢጥ የሚል ጭራ ይተዋል። ጭራ ከሌለ አልደረስክም፣ ስለዚህ ቶኑን እይ፣ ልዩነቱን እይ፣ ከቤት ወጥተህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሞክር። ጭራው እየተሰማህ ማንም ካልመለሰ ያኔ ማኩረፍ ትችላለህ። ግን አጠራርህንም አስተካክል፤ «ሰው አለ?» ብቻ ብሎ ለሚጠራ ብዙ ሰው አይመልስም። ወሬያቸው መሀል መግባት ስትፈልግ ደግሞ አንዱ ጨርሶ ሌላው ሳይጀምር ባለችው ክፍተት የጥሪ ምልክትህን ብቻ በል።

ወደዚያ አንጋፋ ልምጣ። ሰውዬው ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ሞርስ የግድ መሆኑ ቀርቶ ለየአገሩ ተተወ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው አገር ከፈተናው አውጥቶታል። ያንተ ፈቃድ ከእሱ ፈቃድ በምንም አያንስም። እሱ ግን ያን ፈተና ላቡ ጠብ እያለ ነው ያለፈው፤ እኔ የከፈልኩትን ሌላው ሳይከፍል ገባ የሚል ቁጭት አለበት። ስሜቱ ይገባኛል፣ አንተ ላይ የሚወጣበት ምክንያት ግን የለም። (ሞርሱን ግን አትጥላው። ንግግር ድምጥማጡ በሚጠፋበት ሰዓት 5 ዋት ይዞ ባሕር የሚሻገረው እሱ ነው።)

ስብሰባውን በተመለከተ፦ ስብሰባ ለአዲስ ሰው ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። ለዓመታት የሚተዋወቁ ሰዎች ያለፈው ወር ወሬያቸውን የሚጨርሱበት ነው። አንቴና የሚሰቅሉበትን ቀን ጠይቅና ያን ቀን ሂድ። ገመድ ያዝ፣ ምሰሶ አቅና። ሁለት ሰዓት ያላናገረህ ሰው የሽቦውን ሌላ ጫፍ ስትይዝለት ስለ አንድ ማያያዣ ብቻ አርባ ደቂቃ ያወራሃል። ጥያቄህንም አጥብበው። «ከየት ልጀምር?» ለሚል ሰው ምን ብለህ ትመልሳለህ? «ለ20 ሜትር ባንድ ዳይፖል (ሁለት እኩል ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና) ሠርቼ በ14.2 ፋንታ 13.9 ሜጋኸርዝ ላይ ተስማማ፣ ምን ላድርግ?» ብትል ግን ሦስት ሰው እኩል ይዞርልሃል። (ሽቦው ረዝሟል፤ ከየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፣ በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያልክ።)

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም የሚያሾፉብህ፣ የሴት ድምፅ ሲሰሙ የሚቀልዱ፣ ጀማሪን የሚያሸማቅቁ ከሆኑ ተዋቸው። ሪፒተሩ የእነሱ ሊሆን ይችላል፣ አየሩ ግን የማንም አይደለም። ያለ ሪፒተር ቀጥታ ተጣራ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ባንተ ሰማይ ሲያልፍ 145.800 ሜጋኸርዝ ላይ አድፍጥ፤ ጠፈርተኞቹ ከተማሪዎች ጋር የሚያወሩበት ቀን ከሆነ በዚያችው ርካሽ ሬዲዮህ ይሰማሃል፣ ጣቢያው ከሰማይህ የሚቆየው ግን ቢበዛ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር በሬዲዮ አጭር መልእክት በየ15 ሰከንዱ የሚላላክበት ኤፍቲ8ም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው፣ ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው። ለዓይናፋር ይመቻል፤ ጨዋታ ግን አይጠበቅበትም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የአንድ ክለብ ጸሐፊ ነኝ። አዲስ ሰው አንዴ ይመጣና አይመለስም። ምን አጠፋን?

መልስ፦ እትዬ፣ ከላይ ያለውን ደብዳቤ ለአባላቱ ያንብቡላቸው። ከዚያ አንድ ተጫዋች ሰው በር ላይ ያቁሙ፤ ሥራው የመጣውን ስም መጠየቅና አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ይሁን። የሪፒተሩን ፍሪኩዌንሲ፣ ልዩነቱንና ቶኑን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይስጠው። የቶኑን ቁጥር በትልቁ ያስጽፉልኝ።