እንጀራ የሚያጎርስ ሮቦት ለመሥራት ለምታስቢው ተማሪ

ውድ ጠያቂያችን፣ በ5 ኪሎ የሜካኒካል ምህንድስና የ3ኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽና እጅና እግራቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች አጋዥ ሮቦት መሥራት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልናል። «እዚህ የሚቀጥረኝ ስለሌለ የውጭ የትምህርት ዕድል እስካገኝ ልጠብቅ?» ብለሽም ጠይቀሻል።

አትጠብቂ። አሜሪካዊው ሄንሪ ኢቫንስ በስትሮክ መላ አካሉ ከታሰረ ከዓመታት በኋላ፣ ፒአር2 የተባለውን ሮቦት በኮምፒውተር እያዘዘ ፊቱን አክኳል፣ ጢሙንም ተላጭቷል። እንዲህ ያለውን ፍላጎት ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ችግሩ ያለበት ሰው ራሱ ነው።

የእኛን ሰው ፍላጎት ደግሞ አንቺ ትቀርቢዋለሽ። በውጭ ገበያ ያሉ አጉራሽ ሮቦቶች በማንኪያ የሚዛቅ ምግብ የለመዱ ናቸው። እንጀራ ይቆረሳል፣ ወጥ ይጠቀለልበታል፣ ሲርስ ይቀደዳል። ተጠቅልሎ ቢቆራረጥ በሹካ ይያዛል? ተመጋቢው ድንገት ፊቱን ቢያዞር ክንዱ ወዲያው ይቆማል? ደግሞስ ሰውየው ጉርሻውን ከእናቱ እጅ መቀበል ፈልጎ ከሮቦቱ የሚጠብቀው ውኃ ብቻ ቢሆንስ? ይህን ሳትጠይቂ ንድፍ አትጀምሪ። በአካል ጉዳተኞች ማህበራት በኩል ፈቃደኛ ሰዎችን ፈልጊና ማዕድ ላይ አብረሻቸው ተቀመጪ። ሙከራውን በአሻንጉሊት ጀምሪ፤ ከሰው ጋር የሚደረገው ግን የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ኩባያ በአግድም በተዘረጋ የ60 ሳንቲሜትር የሮቦት ክንድ ጫፍ ሲያዝ ትከሻው ላይ ወደ 3 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የማዞር ጫና (ቶርክ) ያሳርፋል፤ የክንዱ ክብደት ገና አልተደመረም። መብራት ድንገት ቢጠፋ ክንዱ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ ለአዲስ አበባ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ለነገ አይለውም። ሮቦት ማዘዣው ሮስ (ROS) እና ሮቦትን በኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ የሚያንቀሳቅሰው ጋዜቦ (Gazebo) የተባሉት ሶፍትዌሮች በነፃ ስለሚገኙ ሞተር ከመግዛትሽ በፊት በኮምፒውተር ሞክሪው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ አጋር ብታገኚ ደግሞ ግማሹ ጭንቀት ይቀልልሻል።

ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርሽ፤ «የሮቦት ንድፍ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ እየጠበቅሽ አትቀመጪ። የሆስፒታል መሣሪያዎች ጥገና፣ የፋብሪካ አውቶሜሽን እና የሰው ሠራሽ አካል ወርክሾፕ ሁሉም ቅርብ በሮች ናቸው። እኔ ብሆን ደመወዙ ቢያንስም ወርክሾፑን እመርጥልሻለሁ፤ መሣሪያ ከሰው ገላ ጋር ሲገናኝ የት እንደሚጎረብጥ በየቀኑ የምታዪው እዚያ ነው።

የውጭ ዕድሉንም ጎን ለጎን አመልክቺ። ከማመልከቻሽ ጋር ክንዱ የያዘውንም የጣለውንም የሚያሳይ ቪዲዮና የሙከራ መዝገብሽን አያይዢ።