«ቫይጀሲማል»ን ስላላወቅሽ አይደለም የወደቅሽው

ውድ እህቴ፣ ለተርጓሚነት ሥራ ስትፈተኚ በመካከለኛው አሜሪካ ስለሚገኙት ማያ ሕዝቦች የሚያወራ ጽሑፍ እንደቀረበልሽ ጽፈሽልኛል። «ቫይጀሲማል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል «ሃያኛ» ብለሽ ተረጎምሽው፤ አላለፍሽም። አሁን «ለዚህ ሙያ አልሆንም ማለት ነው?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ።

ኧረ ትሆኛለሽ! ቃሉን አለማወቅሽ ምንም ማለት አይደለም። ግምትሽም ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ ቃሉ የመጣው «ሃያኛ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። ችግሩ የገመትሽውን መልሰሽ አለማንበብሽ ነው። «ማያዎች ሃያኛ አቆጣጠር ነበራቸው» ሲባል አንባቢው ምን ይረዳል? አሥራ ዘጠኙ የት ሄዱ አይልም?

ቃሉ የሚገልጸው ተራን ሳይሆን የአቆጣጠር ሥርዓትን ነው። እኛ ከአንድ ቤት ቀጥሎ የአሥር ቤት አለን። በቫይጀሲማል ግን የሚቀጥለው የሃያ ቤት ነው። ማያዎች 47ን ሲጽፉ ከላይ ሁለት ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ሁለት ጊዜ ሃያ፣ 40 ማለት ነው። ከሥር አንድ አግድም መስመርና ሁለት ነጥብ ይጨምራሉ። መስመሩ 5፣ ነጥቦቹ 2። በቃ፣ 47 ሆነ። ይህን አንዴ በወረቀት ከሞከርሽው «ሃያኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከእጅሽ ይወድቃል።

እኔ ብሆን «ሃያን መሠረት ያደረገ አቆጣጠር» እል ነበር። ይረዝማል፣ ግን ይገባል። ከ«አስርዮሽ» ተነስቶ «ሃያዮሽ» ማለት ያጓጓል፤ አልመክርሽም። አስርዮሽ ሲባል ብዙ አንባቢ የሚታየው ነጥብ ያለው ቁጥር ነው።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሃያ መጽሐፍ ስላለ ቫይጀሲማል አይባልም። ፈረንሳይኛ 80ን «ካትር ቫን»፣ አራት ሃያ፣ ይለዋል። 30 እና 40 ግን የራሳቸው ስም አላቸው። ስለዚህ የሃያ አቆጣጠር ርዝራዥ አለበት እንጂ ቋንቋው በሙሉ በሃያ ይቆጥራል ማለት ስህተት ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያይ ተርጓሚ ነው አሠሪዎች ደግመው የሚጠሩት።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ። አዲስ ቃል ሲገጥምሽ ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፊው፤ ትርጉምሽን ከሥሩ አስፍረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያንኑ የፈተናሽን ዓረፍተ ነገር እንደገና ተርጉሚና ላኪልኝ። አየዋለሁ።