ጀልባዬን ፓሲፊክ ላይ ከአሸዋው ላውርዳት ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምኖረው ፖርትላንድ ነው። አምና 17 ጫማ የሆነች የአሉሚኒየም ጀልባ ከነተሳቢዋ ገዝቼ ኮሎምቢያና ዊላሜት ወንዝ ላይ ዓሣ ሳጠምድባት ከረምኩ፣ አሁን ግን ውቅያኖሱ አማረኝ። ባለፈው ፓሲፊክ ሲቲ ሄጄ ሰዎቹ ጀልባቸውን በፒካፕ ወደኋላ እየነዱ ቀጥታ ከአሸዋው ላይ ማዕበሉ ውስጥ ሲለቁት አየሁና እኔስ ምን ያንሰኛል አልኩ፣ ባለቤቴ ግን የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቅ አትወጣም ብላ ቁልፉን ይዛብኛለች። የ9 ዓመት ልጄም አብሬህ ካልሄድኩ እያለ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ባለቤትህ ልክ ናት፣ ቁልፉ ለጊዜው እሷ ጋ ይቆይ።

ያየሃቸው ጀልባዎች ዶሪ ይባላሉ። እዛ ኬፕ ኪዋንዳ የሚባለው አለት ስር ከ100 ዓመት በላይ እንዲህ ሲወጡ የኖሩ ናቸው፣ ለዚሁ ስራ ብለው የተሰሩ ናቸው ማለት ነው። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋ ላይ ቢቀመጡ አይጋደሙም፣ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይም ይንሳፈፋሉ፣ ብዙዎቹ ላይ ደሞ ሞተሩ የሚገባው ጀልባው ውስጥ በተሰራለት ቦታ ነው። ቦታውም ያግዛቸዋል፣ በሰመር ማዕበሉ በብዛት ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚመጣው፣ አለቱ ወደ ባሕሩ ዘልቆ ስለሚከልለው ከሱ በስተደቡብ ያለው አሸዋ ይረጋል። ሌላ ቀን ስትሄድ ቁጭ ብለህ አስተውላቸው። መኪናውን ወደኋላ ይነዳና ውሃው አፍ ላይ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ ጀልባው ከተሳቢው ተንሸራቶ ይወርዳል፣ አንዱ ውሃው ውስጥ ቆሞ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ያዞራል፣ ሌላው መኪናውን አውጥቶ እየሮጠ ይመለሳል። ሁሉም እጁ የሚይዘውን ያውቃል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ያ የዓመታት ልምድ ነው።

ያንተ ጀልባ ሆዷ ሾጣጣ ነው፣ ሞተሯም ከኋላ ተንጠልጥሏል። አሸዋው ላይ ስትቀመጥ ወደ ጎን ትጋደማለች፣ ከዛ አንድ ማዕበል በኋላዋ ከገባ በቃ ሞላች ማለት ነው፣ ውሃ የሞላ ጀልባ ደግሞ ሁለት ሰው ገፍቶ የሚያነቃንቀው አይደለም። እሷን ስታገል መኪናህም ጎማው አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ ውሃው ይደርስበታል። ስለዚህ ከአሸዋው ላይ አታውርዳት፣ ይሄን ሳላመነታ ነው የምነግርህ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኒውፖርት ሂድ። ያኩዊና ቤይ ሳውዝ ቢች በኩል ደህና የኮንክሪት ራምፕ (ጀልባ ከተሳቢው የሚወርድበት ተዳፋት) አለ፣ መውጫውም በግራና በቀኝ በድንጋይ ግንብ የተያዘ ነው። ዲፖ ቤይንም ሰው ይነግርህ ይሆናል፣ ወደቡ 6 ኤከር ብቻ ነው፣ መውጫው ደሞ በድልድይ ስር በአለት መሀል የሚያልፍ ጠባብ ስንጥቅ ነው፣ ያምራል ግን ለጀማሪ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ዳርቻ ላይ አደጋው ያለው ባር የሚሉት ቦታ ላይ ነው፣ ማለትም የወንዙ ውሃና የውቅያኖሱ ማዕበል የሚገናኙበት ደለል የተከመረበት አፍ። ታይዱ (የባሕሩ በየቀኑ መሙላትና መጉደል) ሲሞላ ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከማዕበሉ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሲጎድል ግን ወደ ውጭ የሚሮጠው ውሃ ከሚመጣው ማዕበል ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፣ ማዕበሉ ይቀራረብና ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዛው ቀን የዛው ሰዓት ባሕር 2 ማይል ወጣ ብሎ የተኛ ሲሆን ባሩ ላይ ግን ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መውጫህን ብቻ ሳይሆን መመለሻህንም ሰዓት ቤትህ ሆነህ ከታይድ ሰንጠረዡ ላይ ቁረጥ፣ ሁለቱም ውሃው ሊሞላ ሲል ወይ ሞልቶ ቆም ባለበት ሰዓት ይሁን።

ይሄን ስልህ ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ሆኖ ወጣን፣ ዓሣውም ያዘልንና ሰዓቱን ረሳነው፣ ከቀትር በኋላ የሰሜን ምዕራቡ ንፋስ ተነሳ (በሰመር ከሰዓት በኋላ መነሳቱ የተለመደ ነው) ታይዱም መጉደል ከጀመረ ቆይቷል። ባሩ ጋ ስንደርስ ከውጭ በኩል የማዕበሉን ጀርባ ብቻ ነው የምታየው፣ ለስላሳና ክብ ነው፣ ምንም አይመስልም፣ ግን ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ብልጭ ይልና ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይመጣል። ጓደኛዬ ቶሎ እንለፍ አለ፣ እኔ እንቢ አልኩ። ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ውጭ እየተንሳፈፍን ታይዱ እስኪዞር ጠበቅን፣ በረደን፣ አንዱ አስመለሰው፣ ግን ገባን። ያን ቀን ለመጠባበቂያ የሚሆን ነዳጅ ሰርባቶዮው ውስጥ ባይኖር ኖሮ መጠበቅ የሚባል ምርጫ አልነበረንም።

ትንበያ ስታይ የማዕበሉን ከፍታ ብቻ አትይ፣ በማዕበልና በማዕበል መሀል ያለውን ሰከንድም እይ። ኒውፖርት ፊት ለፊት 46050 የሚባል ቦይ (ባሕር ላይ ተንሳፎ ማዕበሉን የሚለካ መሣሪያ) አለ፣ ንባቡን ማንም ማየት ይችላል። 6 ጫማ በ7 ሰከንድ ከሆነ ውጭው ላይ ጀርባህን ይሰብረዋል፣ 6 ጫማ በ14 ሰከንድ ከሆነ ውጭው ምቹ ነው፣ ግን ረጅሙ ማዕበል ብዙ ጉልበት ስለሚይዝ ባሩ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደሞ የሚጻፈው ቁጥር የትልልቆቹ ሲሶ ማዕበሎች አማካይ ነው፣ ከመሀላቸው እጥፍ የሚጠጋም ይመጣል። ባሩ አጠገብ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) ያቆመው የማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ማዕበሉ ከ4 ጫማ በላይ ነው ማለት ነው፣ መብራቱ ጠፍቶ ማየት ግን ሰላም ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ጀልባዋን ሳታወርድ ግንቡ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቁምና ተመልከት፣ ማዕበል በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው፣ 5 ደቂቃ አይቶ የወሰነ ሰው ትልልቆቹን ሳያያቸው ነው የሚወጣው።

ስትወጣ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ያዝ፣ ስትወጣው ነዳጅ ስጥ፣ ጫፉ ላይ ቀነስ አድርግ፣ ካልሆነ ትዘልና ትፈጠፈጣለች። ስትመለስ በአንዱ ማዕበል ጀርባ ላይ ሆነህ ከሱ ጋር እኩል ሂድ፣ አትቅደመው፣ የኋላኛውም አይድረስብህ፣ ከቀደምከው አፍንጫዋ ይቀበርና ወደ ጎን ዞራ ትገለበጣለች። መሀል ላይ ሀሳብ ለውጦ መዞር የለም።

ውሃው በሰመርም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ንፋሱ የላዩን ውሃ ከዳርቻው ሲገፋው ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። እዛ የወደቀ ሰው የመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን ለመያዝ ነው የሚታገለው፣ ከዛ እጁ የሚታዘዘው 10 ደቂቃ ያህል ነው። ላይፍ ጃኬቱ መቀመጫ ስር ሳይሆን ሰውነትህ ላይ ይሁን። የሞተር ማጥፊያውን ገመድም እሰረው፣ ከ26 ጫማ በታች ለሆነ ጀልባ ከ2021 ጀምሮ በፌደራል ሕግ ግዴታ ነው። የባሕር ሬዲዮ ያዝ፣ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ። የምልክት ርችትም ያዝ፣ ባለቤትህ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደምትመለስና ካልተመለስክ ማን ጋ እንደምትደውል ትወቅ።

ተሳቢውን በተመለከተ፣ ከፖርትላንድ እዛ ድረስ ስትነዳ ኩሽኔታው ይግላል፣ በግለቱ ቀዝቃዛ ጨው ውሃ ውስጥ ከነከርከው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ራምፑ ጋ ስትደርስ ጀልባዋን እያሰናዳህ እስኪበርድ ጠብቅ፣ የመብራቱን ገመድ ንቀል፣ የውሃ መውጫዋን ታፓ በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። ማታ ሞተሩን በንጹህ ውሃ እጠበው፣ ኩሽኔታውንም ግራሶ ቀባው።

ልጅህን የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ላይ አትውሰደው። ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይፍ ጃኬት መልበሱ ግዴታ ነው፣ ግን ጃኬት ለብሶም ባር ላይ ከተገለበጣችሁ ስንቱን ነው የምትይዘው? ይልቅ ከሱ ጋር ባሩን ሳታልፉ እዛው ያኩዊና ቤይ ውስጥ ክራብ (ሸርጣን) አጥምዱ። ዳንጀነስ ክራብ ወንዱ ብቻ ነው የሚወሰደው፣ ስፋቱ 5 ከሦስት ሩብ ኢንች የሞላ፣ በቀን ለአንድ ሰው 12። መለኪያውን ለልጅህ ስጠው፣ ገልብጦም ሆዱን ይይ፣ የወንዱ ክዳን ጠባብ ነው የሴቷ ሰፊ፣ ሴቷን እሱ ራሱ ቀስ አድርጎ ውሃው ላይ ይልቀቃት።