ወጌሻውን ጠይቁት

ልጆቼ፣ የስፖርት ጋዜጠኛ ልንሆን ነው ስላላችሁኝ ከራሴ ጉድ ልጀምር።

ወጣት ሪፖርተር ሳለሁ ከአዘዞ ተነስቶ ጎንደር ፒያሳ የሚገባ የብስክሌት ውድድር ልዘግብ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ አይሱዙ እያቃሰተ መጣ። ከጎኑ የሰፈራችን ልጅ ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ስፖንዳውን ጨብጧል። እግሩ አይንቀሳቀስም። አየኝ፤ አየሁት። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ለቀቀና መርገጥ ጀመረ። አንደኛ ወጣ። እኔም «ዳገቱን በብርታቱ ድል ነሳው» ብዬ ጻፍኩ። የሰፈሬን ልጅ እንዴት ላጋልጥ? ሕዝቡ ተሸክሞት እየጨፈረ!

እንደ ፈረንጆቹ በ1999 አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ከካንሰር ተርፎ ትልቁን የፈረንሳይ ውድድር ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ያንኑ ዓይነት ዜና ጻፍኩ። እስከ 2005 ሰባት ጊዜ አሸነፈ። በ2012 ሰባቱንም ተነጠቀ።

ምክንያቱን አበረታች ቅመም ይሉታል። (ቅመም ሲባል እናቴ የምታውቀው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ነበር።) ብስክሌቱን ያመሰው ቅመም ኢፒኦ ነው። ኢፒኦ ኩላሊታችን ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ሲሆን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ደግሞ እሱ ነው። እንደ ደባርቅ ባለ ከፍታ ላይ ሰውነት ይህን በነፃ ያደርገዋል። በመርፌ ሲሆን ግን ደም ይወፍራል፣ ልብም ይጨነቃል። እስከ 2000 ድረስ የተወጋውን ኢፒኦ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ በውድድር ላይ አልነበረም። ስለዚህ «ተመርምሮ ነፃ ሆኗል» የሚለው ዜና ብዙም ዜና አልነበረም።

ታዲያ ማን ያውቅ ነበር? ወጌሻው!

በ1998 የፌስቲና ቡድን ወጌሻ ዊሊ ቮት መኪናውን በኢፒኦና በሌላም መድኃኒት ሞልቶ ሲጓዝ በቤልጂግና ፈረንሳይ ድንበር ተያዘ። የዚያ ዓመት ቱር በዚያ ታመሰ። የአርምስትሮንግ ቡድን ወጌሻ የነበረችው ኤማ ኦራይሊ ደግሞ በ1999 ውድድሩ ሊጀመር ሲል ክንዱ ላይ የቀረውን የመርፌ ምልክት በራሷ ሜካፕ እንደሸፈነችለት ተናገረች። አስቡት፣ የዓለም ጀግና ክንድ ላይ የሴት ልጅ ሜካፕ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን፤ በእኛ ሙያ ወጌሻም ያወጣዋል። እናንተ ግን ጨዋታው እንዳለቀ ማይክራችሁን ይዛችሁ ወደ ኮከቡ ነው የምትሮጡት። ፎጣ የሚያጥፈውን፣ ጎማ የሚቀይረውን፣ ሻንጣ የሚሸከመውን ማን ጠየቀው?

ኤማን ቁጭ ብሎ ያዳመጣት የእንግሊዙ ጋዜጣ የሰንደይ ታይምስ ጋዜጠኛ ዴቪድ ዋልሽ ነው። አርምስትሮንግ ጋዜጣውን ከሰሰ፤ በ2006 ጋዜጣው ገንዘብ ከፍሎ ታረቀ። የሙያ ጓደኞቹ ሳይቀሩ ዋልሽን ሸሹት፤ ከእሱ ጋር የታየ ሰው ከሻምፒዮኑ ቃለ መጠይቅ አያገኝማ። እኔ የማዝነው በእነዚህ ጓደኞቹ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከቡድኑ ጋር በልተው፣ ከቡድኑ ጋር ስቀው ቡድን ሆነው ቀሩ። የፋሲል ከነማን ሻርፕ አጥልቃችሁ ፕሬስ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ይህን አስቡ። እኔም ዐፄዎቹን እወዳለሁ፤ ሻርፔ ግን ቤት ነው።

ደግሞ ያሸነፈ ሁሉ ተወግቷል ማለት እንዳይመስላችሁ። ማስረጃ ሳይኖር የሰው ስም ማንሳት ከእኔ ዝምታ አይሻልም። የሰማችሁትን በቀኑ ጻፉ፣ ወረቀቱን አትጣሉ፣ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ። በ2012 አርምስትሮንግን የጣለው የሃያ ስድስት ሰዎች የምስክርነት ቃል ነው።

ያ የአይሱዙው ልጅ አሁን ሽበታም ነው። ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ «ያን ቀን አይተኸኝ ነበር አይደል?» አለኝ። «አይቼሃለሁ» አልኩት። ዝም አለ፤ ስኳሩን ብቻ ያማስላል። ቆይቶ «ሁለተኛ የወጣው ልጅ እኮ በዚያው ሳይክሉን ሸጦ መተማ ወረደ» አለኝ።

ቤት ገብቼ የድሮ ማስታወሻዬን አወጣሁ። የዚያን ልጅ ስም ፈለግሁ። የለም። የጻፍኩት የአንደኛውን ብቻ ነበር።