ለመርከብ ጥገና የተያዘ መጠባበቂያ የትርፍ ድርሻን ያስቀራል?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንገደኞች መርከብ ኩባንያ 4 በመቶ አክሲዮን አለኝ። ዓመቱን ሙሉ መርከቦቹ ሞልተው ሲመላለሱ ከርመው የቀረበልን ሂሳብ የሚያሳየው ትርፍ ግን ኢምንት ነው። ቦርዱ “ትልቋ መርከብ በሚቀጥለው ዓመት ድራይ ዶክ (መርከብ ከውሃ ወጥታ የምትመረመርበትና የምትጠገንበት ቦታ) ስለምትገባ መጠባበቂያ ይዘናል፤ የሚከፋፈል ትርፍ የለም” ይላል። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል። ጠቅላላ ጉባኤው 3 ሳምንት ቀርቶታል። የትርፍ ድርሻዬን በሕግ ማስከበር እችላለሁ?

መልስ፦ የትርፍ ድርሻ ይከፈለኝ ብለው አሁን ክስ ቢመሠርቱ አያዋጣዎትም። በአብዛኞቹ የኩባንያ ሕጎች ጉባኤው ድርሻ እንዲከፈል እስኪወስን ድረስ ባለአክሲዮኑ ከኩባንያው የሚጠይቀው ገንዘብ የለም፤ ድርሻው ዕዳ የሚሆነው ውሳኔው ሲተላለፍ ነው። መመሥረቻ ጽሑፋችሁ በየዓመቱ መከፈል ያለበት ዝቅተኛ ድርሻ ካስቀመጠ ግን ነገሩ ይለወጣልና አስቀድመው እሱን ያንብቡ። ጠንካራው መብትዎ ሌላ ነው፤ ሂሳቡ በትክክል ተሠርቶ እንዲቀርብልዎ መጠየቅ። ከጻፉልኝ እንደምረዳው ችግሩም ያለው እዚያው ነው።

ኩባንያው ሂሳቡን የሚያዘጋጀው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ ከሆነ፣ ለወደፊት ጥገና መጠባበቂያ ብሎ ገና ያልወጣን ገንዘብ በወጪነት መመዝገብ አይችልም። ከእነዚሁ ደረጃዎች አንዱ የሆነው አይኤኤስ 37 መጠባበቂያ የሚፈቅደው በሂሳብ መዝጊያው ቀን ካለፈ ክንውን የመነጨ ግዴታ ሲኖር ብቻ ነው። ቦርዶች “የደኅንነት ሕጉ ያስገድደናል” ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፣ የመንገደኞች መርከብ የታችኛው አካሏ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ መመርመር አለበት፤ በተለመደው አሠራር በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 2 ጊዜ። ሆኖም ኩባንያው ቀኑ ሳይደርስ መርከቧን ሸጦ ወይም ከሥራ አስወጥቶ ከወጪው ሊድን ይችላል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ጥገና ዛሬ ዕዳ የለበትም።

ትክክለኛው አያያዝ በአይኤኤስ 16 ተቀምጧል። የድራይ ዶክ ምርመራ ወጪ በወጣ ጊዜ የመርከቧ ዋጋ አካል ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ምርመራ ባለው ጊዜ ላይ ተከፋፍሎ በእርጅና ቅናሽ ወጪ ይሆናል። ባለፈው ምርመራ 36 ሚሊዮን ወጥቶ ቀጣዩ ከ30 ወር በኋላ ነው እንበል። በወር 1.2 ሚሊዮን፣ በዓመት 14.4 ሚሊዮን ይሆናል። አሁን የሂሳቡን ማብራሪያዎች ይክፈቱና የቋሚ ንብረት ሠንጠረዡን ይዩ። በዚያ የድራይ ዶክ እርጅና ቅናሽ ተይዞ፣ በሌላ ገጽ ደግሞ ለቀጣዩ ጥገና መጠባበቂያ በወጪ ከተያዘ፣ አንድ ዓመት የሁለት ጥገና ወጪ ተሸክሟል ማለት ነው። ትርፉን ኢምንት ያደረገው ይኸው ሊሆን ይችላል። ከመጠባበቂያው ካለፉት ዓመታት የመጣ ካለ፣ በአይኤኤስ 8 መሠረት ስህተቱ ጉልህ ከሆነ የሚታረመው ያለፈው ዓመት ንጽጽር አኃዝና ያልተከፋፈለ ትርፍ መነሻ ቀሪ ተስተካክሎ ነው። የዘንድሮ ገቢ ተደርጎ መመለስ የለበትም።

ይህ ማለት ቦርዱ ለጥገናው ገንዘብ ማቆየት አይችልም ማለት አይደለም። ይችላል፤ ጥሩ አስተዳዳሪም ያቆያል። መንገዱ ግን ትርፉን እንዳለ አሳይቶ፣ ከትርፉ ላይ ይህን ያህል ለጥገና ይቀመጥ ብሎ ለጉባኤው ሐሳብ ማቅረብ ነው። ያኔ እርስዎ ድምፅ ይሰጡበታል። በወጪ መልክ ሲያዝ ግን ከባለአክሲዮኖች እጅ የወጣ ውሳኔ ይሆናል። አጥብቀው መያዝ ያለብዎት ነጥብ ይህ ነው።

ከመናገርዎ በፊት ግን የትኬቱንም ገቢ ያጣሩ፤ እርማቱ በእርስዎ ላይ ሊዞር ይችላልና። በአይኤፍአርኤስ 15 የትኬት ገቢ ገቢ የሚባለው መንገደኛው ሲጓዝ ነው። ከዓመቱ መዝጊያ በፊት ተሽጦ ጉዞው ከመዝጊያው በኋላ የሆነ ትኬት ዕዳ ነው፤ የማይመለስ ቢሆንም እንኳ። ብዙ ኩባንያዎች ገንዘቡ በገባበት ቀን ገቢ አድርገው ያልፉታል። በየዓመቱ እንዲሁ ስለሚደረግ የአንዱ ዓመት ትርፍ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ምክንያቱም ለውጡ በዓመቱ መነሻና መዝጊያ ላይ ተሽጠው ገና ያልተጓዘባቸው ትኬቶች ልዩነት ብቻ ነው። ዕዳው ግን ከነጭራሹ ስላልተመዘገበ ያልተከፋፈለው ትርፍ በሙሉ መጠኑ ተጋንኗል። ባንክ ካለው ገንዘብም ከፊሉ ገና ያልተጓዙ ሰዎች ገንዘብ ነው።

ጉባኤውን ሳይጠብቁ ለቦርድ ሰብሳቢው፣ በግልባጭ ለውጭ ኦዲተሩ ዛሬውኑ ይጻፉ። የሚጠይቁት የመጠባበቂያው የዓመት እንቅስቃሴ፣ የእያንዳንዱ መርከብ የድራይ ዶክ ቀንና ወጪ፣ እንዲሁም በዓመቱ የመጨረሻ 2 ወራት የተሸጡ ትኬቶች በሽያጭ ቀንና በጉዞ ቀን ተለይተው ነው። የባንክ ብድር ውሉንም ይጨምሩ፤ መርከቧ በመያዣነት ከተያዘች ባንኩ ሳይፈቅድ ድርሻ እንዳይከፈል የሚከለክል አንቀጽ አይጠፋም፤ እሱ ካለ የመጠባበቂያው ክርክር ቢያሸንፉም ገንዘቡን አያገኙም። ነዳጅ አቅራቢው ወይም ትኬት ወኪሉ የዳይሬክተር ድርጅት ከሆነ በአይኤኤስ 24 መሠረት ማብራሪያው ላይ መገለጽ አለበትና እሱንም ይፈልጉ።

በጉባኤው ላይ ሂሳቡ በጥቅሉ ይውደቅ አይበሉ። ኦዲተሩ ስለ መጠባበቂያው መልስ እስኪሰጥ ማጽደቁ ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ ይጠይቁ። ለዚህ ወይም ልዩ ምርመራ ለማስደረግ በብዙ አገሮች 5 ወይም 10 በመቶ አክሲዮን ይፈለጋል፤ 4 በመቶ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ከወዲሁ ፊርማ ያሰባስቡ። ሂሳቡ ከጸደቀ ተቃውሞዎ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ሳያረጋግጡ አይውጡ፤ ውሳኔን በፍርድ ቤት ለመቃወም የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ሕግም በጉባኤው ላይ ያልተቃወመን ሰው አይሰማም። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርጉ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ።