ዜጋ የሆነ ዐረብ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳሚር፣ የእስራኤል ዜግነት ያለው ዐረብ፣ ሐይፋ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው። በየቀኑ ከዌስት ባንኳ ከተማ ከራማላ ስለሚመላለስ የኬላውን ትዕይንት አስፍቼ ጽፌዋለሁ። በሁለት ማንነት የተወጠረ ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን «ንግግር ያበዛል፣ ሰው አይመስልም» አሉኝ። ምን ላስተካክል? (አንባቢ፣ ከሐይፋ)

መልስ፦ ከኬላው ይጀምሩ፤ ታሪኩን ከሥሩ የሚያፈርሰው እሱ ነው። ራማላ የሚኖር ፍልስጤማዊ ባብዛኛው የእስራኤል ዜጋ አይደለም፤ ሐይፋ ለመሥራት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዜጋው ሳሚር ግን ለክኔሴት (ለእስራኤል ፓርላማ) ድምፅ ይሰጣል፤ መኪናው የእስራኤል ቢጫ ታርጋ አላት። የምሥራቅ ኢየሩሳሌም ዐረብ ደግሞ ሌላ ነው፤ አብዛኛው ነዋሪነት እንጂ ዜግነት የለውም። ስለዚህ ሳሚርን ናዝሬት፣ ኡም አል ፋሕም ወይም እዚያው ሐይፋ ዋዲ ኒስናስ ያሳድጉት፤ ኬላውን በሙሉ ያውጡት።

ከዚያ የቤተሰቡን ዕድሜ ያስሉ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አያቱ ከ1948 እስከ 1966 በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ኖረዋል፤ ከመንደር ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። አባቱ በ1960 ገደማ ከተወለደ፣ በማርች 1976 የመሬት መወረስን በመቃወም በተነሣው አድማና ሰልፍ ስድስት ሰዎች ሲገደሉ ጎረምሳ ነበር። ሳሚር ራሱ ዐረብኛን ከመንግሥት ቋንቋነት ያወረደውን የ2018 ሕግ አዋቂ ሆኖ አይቷል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቁጣ ከተናገሩ ትውልዱ ይጠፋል። አያት ዝምታን የተማሩት ያለ ወረቀት መንቀሳቀስ በማይቻልበት ዘመን ነው።

ጓደኞችዎ ስለ ንግግሩ ያሉት ልክ ነው። «እኔ ማን ነኝ?» የሚሉትን አንቀጾች ሁሉ ይሰርዙ። የተወጠረ ሰው ውጥረቱን ሲያስረዳ አይውልም፤ መምረጥ ግን ግድ ይሆንበታል። ሳሚር ባቡር ውስጥ ሳለ እናቱ ትደውላለች እንበል። በዐረብኛ እንደ ልቡ ያወራታል? ድምፁን ዝቅ ያደርጋል? ወይስ «ኋላ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋባታል? የመረጠውን ብቻ ይጻፉ፤ ምክንያቱን አንባቢ ይደርስበታል።

ዋናውን ትዕይንት በወታደሮች መታሰቢያ ቀን ቢያደርጉት እንመክራለን። ረፋድ ላይ ሳይረኑ ለሁለት ደቂቃ ይጮኻል፤ ባልደረቦቹ ባሉበት ቆመው ይቀራሉ፤ እሱ የበሽተኛ ክንድ ይዞ ግሉኮስ እየሰካ ነው። እጁ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ማግስቱ የነጻነት በዓል ነው። በዚያው ቀን ብዙ ዐረብ ዜጎች በ1948 ወደፈረሱ የዐረብ መንደሮች ሰልፍ ይወጣሉ። ሳሚር ፈረቃ ሊቀይር ኃላፊዋን ይጠይቃት፤ «ለምን?» ስትለው የሚሰጣት መልስ ከአሥር ገጽ ንግግር ይበልጣል። እሷንም ክፉ አያድርጓት፤ ሳይረኑ የሚጮኸው ለወንድሟ ቢሆንስ? ያኔ ሁለቱም የሚያጡት ነገር ይኖራል።

በመጨረሻ፣ አማርኛው ሁለቱን ቋንቋዎች መለየት አለበት። ለአባቱ ጓደኛ በዐረብኛ ሲናገር «አቡ ካሊድ፣ እንዴት ዋሉ?» ይበል፤ ኃላፊዋን ግን በዕብራይስጥ እንደ ሁሉም ሠራተኛ «አንቺ» ይበላት። የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገር በየመስመሩ ማስታወቅ አያስፈልግዎትም። በቤት ዐረብኛው ውስጥም እንደ «በሴደር» (እሺ) እና «መዝጋን» (አየር ማቀዝቀዣ) ያሉ የዕብራይስጥ ቃላት ጣል ጣል ያድርጉ፤ እዚያ ያለ አማርኛ ተናጋሪም ቤቱ ውስጥ የሚያወራው እንደዚሁ ነውና ልኩን እርስዎ ያውቁታል።