ሰርቨራችንና ትልቁ ዲስኮርድ ታርቀዋል፣ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁ፣ የኛ የማይንክራፍት ሰርቨር (በብሎክ የሚገነባበትን ጌም ኦንላይን አብረን የምንጫወትበት) በ2012 ኮሮና ሁላችንንም ቤት ሲያስቀምጠን ከትልቁ የሀበሻ ጌመሮች ዲስኮርድ (የቻትና የድምፅ ግሩፕ) ውስጥ ነው የወጣው። ከዛ ተጣላን፣ ከዓመት በላይ ተኮራርፈን ቆየን፣ ባለፈው ወር ታረቅን። እኔ ሰርቨሩን ከጀመሩት አንዱ ነኝ፣ እርቁም ላይ ነበርኩ፣ እና ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያውኑ በምን ተጣላችሁ? አዲስ ነኝ፣ የምሰማው ሁሉ ይለያያል።

መልስ፦ ከስሩ ልንገርህ። ያኔ ሰርቨራችን ኦንላይን ሞዱ ጠፍቶ ነበር የሚሠራው፣ ማለት የሚገባው ሰው አካውንቱ የራሱ ይሁን አይሁን ሰርቨሩ ማይክሮሶፍት ጋ አያጣራም፣ ስም ጽፈህ ትገባለህ በቃ። እንደዛ ያደረግነው አዲስ አበባና ክፍለ ሀገር ያሉ ልጆች በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣሉ ብለን ነው። ግን ስም ብቻ መታወቂያ ከሆነ ማንም የማንንም ስም ጽፎ ይገባል፣ የአድሚንንም ጭምር። አንድ ሌሊት አንዱ በትልቁ ዲስኮርድ አድሚን ስም ገባ፣ ያ ስም ደግሞ እኛ ጋ ኦፕ (ሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን) ነበረው፣ እና ጌሙ ውስጥ ለሁለት ወር ወደ ታች እየቆፈርን የሠራነውን ቤተ ጊዮርጊስ በቲኤንቲ (የጌሙ ፈንጂ) አፈነዳው። ጠዋት ስገባ የመስቀሉ አንዱ ክንድ የለም፣ ጣሪያው ላይ እርስ በርስ የገቡት ሦስቱ መስቀሎች ግማሻቸው ሄዷል። ልጆቹ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመው ቻቱ ላይ ማንም ምንም አይጽፍም።

እኛ ሎጉን እንኳ በደንብ ሳናይ ስሙን ብቻ አይተን አድሚኑን ባን አደረግነው (እንዳይገባ አገድነው)። ይባስ ብለን እነሱ ዲስኮርድ ላይ ሄደን ሕዝብ ፊት "አድሚናችሁ ነው ያፈረሰው" አልን። እነሱም ተናደው እዛ የነበረንን ቻናል ዘጉ፣ የሰርቨራችንን ልጆች ሮል (የአባልነት ምልክትና ፈቃድ) በሙሉ አነሱ። ጠቡ ይኼው ነው።

ጥያቄ፦ ያፈነዳው አድሚኑ እንዳልሆነ በምን አወቃችሁ?

መልስ፦ ሰው ሲገባ ኮንሶሉ ስሙንና አይፒውን ይጽፋል፣ የዛን ሌሊቱ አይፒ እሱ ሁልጊዜ ከሚገባበት ጋ አይገናኝም። አይፒ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሰው ቪፒኤን ይከፍታል፣ ዋይፋይ ሲጠፋ በዳታ ይገባል። ግን በዛች ሰዓት እሱ ቮይስ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋ ሌላ ጌም ሲጫወት ነበር፣ አብረውት የነበሩት ሁሉ ይመሰክራሉ። አንድ መልእክት ልከን "አንተ ነህ ወይ" ብንለው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እሱን አላደረግንም፣ ጥፋቱ የኛ ነው።

ጥያቄ፦ እቃችን የጠፋውስ? አድሚኖች ዳይመንዱን ወሰዱት ሲባል ነበር።

መልስ፦ ማንም አልወሰደም፣ ይሄን በደንብ ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ነው ተቀይሞን የሄደው። ከፍንዳታው በኋላ ደንግጠን በዛው ቀን ኦንላይን ሞዱን አበራነው። ማይንክራፍት ግን እቃችሁን የሚያስቀምጠው በስማችሁ ሳይሆን ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም ቁጥር ነው። ሞዱ ሲጠፋ ቁጥሩ ከስማችሁ ተሰልቶ ይወጣል፣ ሲበራ ደግሞ ከአካውንታችሁ ይመጣል፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሁላችሁንም እንደ አዲስ ሰው ነው የቆጠራችሁ፣ የያዛችሁት እቃና የኤንደር ቼስታችሁ (ለየሰው የራሱን እቃ ብቻ የሚያሳየው ሳጥን) ባዶ ሆነ፣ መሬት ላይ የተቀመጠው ተራ ቼስትና ቤታችሁ ግን እንዳለ ነው። አንዲት ልጅ የምታሳድገው ውሻ ነበራት፣ በሯ ላይ ቁጭ አድርጋው ወጥታ ስትመለስ ብትነካው አይነሳም፣ ብትሄድ አይከተላትም፣ ምክንያቱም ውሻውም ባለቤቱን የሚያውቀው በዛው ቁጥር ነው። "ውሻዬ ረሳኝ" ብላ ጻፈች፣ እኛ ምክንያቱን ስላላወቅን የምንመልስላት አጣን፣ በዛው ጠፋች።

የድሮዎቹ ፋይሎች ግን አልጠፉም ነበር፣ ፎልደሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። አሁን አንድ በአንድ በአዲሱ ቁጥር እየሰየምናቸው ለባለቤቶቹ እየመለስን ነው፣ ያልደረሳችሁ የድሮ ስማችሁን ላኩልኝ። ልጅቷም ተመልሳለች፣ የውሻውን ባለቤትነት በትዕዛዝ ቀይረንላት አሁን ይከተላታል።

ጥያቄ፦ እርቁ እንዴት ሆነ? ማን ቀድሞ ተናገረ?

መልስ፦ ሽማግሌ ላክን። ከጠቡ ውጪ የነበሩ፣ ሁለቱም ወገን የሚሰማቸው ሦስት ሰዎች፣ አንዷ ዋሽንግተን ያለች እህታችን ናት፣ ሁሉን ሰው ለየብቻ ደውላ ያናገረችው እሷ ናት። መጀመሪያ ያለችን "ቻናላችሁ እንዲከፈት ነው የምትፈልጉት ወይስ የበደላችሁትን ሰው ልትክሱ" ነው። እውነት ለመናገር እስከዛ ድረስ የምናስበው ቻናሉን ነበር። ከዛ በኋላ ምንም ሳንጠይቅ፣ ስሙን ያጠፋንበት ቦታ ላይ፣ ያው ሕዝብ ፊት ይቅርታ ጻፍን፣ ምን እንዳደረግን ከነሎጉ፣ "ግን እናንተም" የሚል ነገር ሳንጨምርበት። በዲኤም ብቻ ቢሆን ዋጋ የለውም ነበር፣ ስሙ የጠፋው አደባባይ ላይ ነዋ። አድሚኑ አራት ቀን ዝም አለን። በአምስተኛው ቀን "እሺ፣ ሰምቻለሁ" ብሎ ጻፈ። እነሱም ምንም ያላደረጉ ልጆችን ሮል ማንሳታቸው ልክ እንዳልነበረ ራሳቸው ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩንና ዲስኮርዱን የሚያገናኘውን የቻት ቦት መልሳችሁ ብታገናኙ አይበቃም ነበር? ሽምግልና ምናምን በዛ።

መልስ፦ ወንድሜ ቦቱ ያኔም ነበረን፣ ተገናኝቶ እያለ ነው የተጣላነው። አሁንም አስገብተነዋል፣ ሰርቨሩ ውስጥ የሊንክ ትዕዛዙን ስትጽፉ 4 ዲጂት ኮድ ይሰጣችኋል፣ ለቦቱ በዲኤም ትልካላችሁ፣ ሮላችሁ በሁለቱም በኩል አንድ ይሆናል። ትልቁ ለውጥ ግን የሞዶቹ (የሁለቱ ወገን ሥርዓት አስከባሪዎች) ስምምነት ነው። እኛ ጋ ባን የሆነ ሰው እዛ ወዲያው አይባረርም፣ የእዛም እዚህ እንደዛው። በ48 ሰዓት ውስጥ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሞድ የኮርፕሮቴክቱን መዝገብ አይቶ፣ ማን የትኛውን ብሎክ በስንት ሰዓት እንዳነሳ እዛ ላይ ይታያል፣ ልጁንም ጠይቆ ነው የሚወሰነው። ኦፕ ደግሞ ለማንም የለም፣ እኔም የለኝም፣ ለየሥራው የሚያስፈልገው ፈቃድ ብቻ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ሞድ በርቶ ከቀረ እኛ አካውንት የሌለን ቀረን ማለት ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ በጣም ያሳስበኛል፣ ሰርቨሩ የተከፈተው ለናንተ ነበርና። ሁለት ነገር አድርገናል። አንደኛ ጋይዘርና ፍለድጌት የሚባሉ ፕሮግራሞች ስለጫንን በስልክ ቤድሮክ (የስልኩን ማይንክራፍት) የምትጫወቱ ትገባላችሁ፣ የስልኩ ከኮምፒውተሩ በጣም ይረክሳል፣ ስማችሁ ፊት ነጥብ ታያላችሁ፣ እሱ ችግር የለውም። ሁለተኛ ውጭ ያሉ አባላት ጊፍት ኮድ እየገዙ ለልጆች እየሰጡ ነው፣ የምትፈልጉ ለሞድ ንገሩ፣ አትፈሩ። አካውንትና ፓስዎርድ መዋዋስ ግን በፍጹም፣ ችግሩ ሁሉ የመጣው ሰው በሰው ስም ሲገባ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ፣ "3 ሰዓት" ብላችሁ 3 ሰዓት ስገባ ማንም የለም።

መልስ፦ ይቅርታ እህቴ። ማታ 3 ሰዓት በሀበሻ ነው ያልነው፣ አንቺ ጋ በበጋችሁ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት፣ በክረምታችሁ 1 ሰዓት ይሆናል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዱባይ ላሉት ማታ 10። ከአሁን በኋላ ዲስኮርድ ራሱ ለያንዳንዱ በየሀገሩ ሰዓት የሚያሳየውን ታይምስታምፕ ነው የምንለጥፈው።

ጥያቄ፦ ያፈነዳው ሰው ተገኘ?

መልስ፦ አልተገኘም። መፈለግም ትተናል፣ በጥርጣሬ ስም መጥራት አንዴ በቅቶናል።

ጥያቄ፦ ቤተ ጊዮርጊስስ? ሮልባክ (ወደ ነበረበት መመለስ) አይደረግም?

መልስ፦ ያኔ ኮርፕሮቴክት አልጫንንም ነበር፣ ባክአፑም የቆየ ስለነበር አልተቻለም፣ በእጅ ነው የምንሠራው። ከሁለት ሳምንት በፊት ያ ያላግባብ ባን ያደረግነው ሰው ራሱ ገባ፣ ማንንም ሳያናግር ጣሪያው ላይ ወጥቶ መስቀሎቹን መደርደር ጀመረ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ብሎክ ያቀብሉት ነበር። ጣሪያው ተሠርቶ አልቋል፣ የምዕራቡ ክንድ ገና ነው። ቅዳሜ ማታ በሀበሻ 3 ሰዓት እንቀጥላለን፣ ቀይ ቴራኮታ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በጣም አልቆብናል።